ትንኟም እንደኛው መንገደኛ ናት

እኛ ከተሜዎች ወባን የገጠርና የክረምት ማግስት በሽታ አድርገን ኖረናል። ድሬዳዋ በ2022 (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) በበጋው ወራት በወባ ስትጠቃ ግን ይህ እምነት ፈረሰ። ተመራማሪዎች ወረርሽኙን ያያያዙት አኖፌለስ ስቴፈንሲ ከተባለች የወባ ትንኝ ጋር ነው። መነሻዋ ደቡብ እስያና የአረቢያ ልሳነ ምድር ሲሆን፣ በ2012 በጅቡቲ፣ በ2016 ደግሞ በአገራችን በቀብሪ ደሃር ተገኘች።

ለመሆኑ እንዴት ደረሰች? ፍንጩ ያለው ዘረመሏ ውስጥ ነው። የቀብሪ ደሃር ትንኞች ሲመረመሩ ከፓኪስታን ናሙናዎች ጋር ተቀራርበው ተገኝተዋል። ትንኝ ከሰፈር ሰፈር እየበረረች ብቻ ብትስፋፋ ጎረቤታሞቹ ይመሳሰላሉ፤ ርቀት ሲጨምር ልዩነቱም ቀስ በቀስ ይሰፋል። በመርከብና በመኪና ስትጓዝ ግን ይህ ሥርዓት ይዛባል። በአንድ የንግድ መስመር የተሳሰሩ፣ የተራራቁ ከተሞች ትንኞች ሊዛመዱ ይችላሉ።

አንዴ ብቻ ከመጡ ጥቂት ትንኞች የሚራባው ዘር ስብጥሩ ጠባብ ነው። ጭነት በተመላለሰ ቁጥር ግን አዲስ ዘር ሊጨመርበት ይችላል። አደጋውም እዚህ ላይ ነው፤ ፀረ ተባይ መድኃኒትን የሚቋቋም ዘረመልም አብሮ ሊሳፈር ይችላል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1930 በብራዚሏ ናታል ከተማ የተገኘች አፍሪካዊት የወባ ትንኝ ከዳካር በመርከብ እንደሄደች ይታመናል። ከባድ ወረርሽኝ አስከትላ፣ በ1940 ገደማ በብርቱ ዘመቻ ከአገሪቱ ጠፋች። በዚያ ዘመቻ እጮቹን ከማጥፋት ባሻገር ከተጠቃው አካባቢ የሚወጡ ተሽከርካሪዎች መድኃኒት ይረጩ ነበር።

የእኛ የወባ መከላከል በአብዛኛው በአጎበርና በቤት ውስጥ ርጭት ላይ ያተኮረ ነው። አኖፌለስ ስቴፈንሲ ግን በከተማ፣ በበርሜልና በውሃ ታንከር ውስጥ ትራባለች። ስለዚህ በእኔ እምነት ቁጥጥሩ ከጤና ጣቢያ ወጥቶ ወደ ጉምሩክ ኬላና ወደ ደረቅ ወደብ መሻገር አለበት። ከጅቡቲ እስከ ሞጆ ባለው መስመር ላይ ናሙና በቋሚነት ተሰብስቦ ዘረመሉ ቢመረመር፣ ትንኟ ከየት ወዴት እንደምትጓዝ ወረርሽኝ ሳይነሳ ለማወቅ ይረዳል።

የእኛም ድርሻ አለ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ "በርሜል አትያዙ" ማለት አይቻልም። "ክደኑት" ማለት ግን ይቻላል። ጭነቱ መንገዱን እንዲዘጋ የሚፈልግ የለም፤ ከጭነቱ ጋር ማን እንደሚሳፈር ማየት ግን ግዴታችን ነው።