የመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በምን ይመዘናሉ?

የአዳማ ከተማ፤ እንዲሁም ከሞጆ ወደ ደቡብ በሚወርደው መንገድ ላይ ያሉት መቂ፤ ባቱ፤ አርሲ ነገሌና ሻሸመኔ እየሰፉ ሲሄዱ፤ «ከመንግሥት ትምህርት ቤቶች የትኛው ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ ከወላጆችም ከሹማምንትም አፍ አይጠፋም። ጥያቄው የሚገባ ነው። ነገር ግን መልሱ የሚፈለገው በ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ውጤት ብቻ እንደ ሆነ፤ ፍርዱ መጣመሙ አይቀርም።

በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ 7ኛውና 8ኛው ክፍል የአንደኛ ደረጃ መጨረሻ ነበሩ። በኋላ በተሠራው ሥርዓት ግን የአንደኛ ደረጃ 6 ዓመት፤ የመካከለኛው 2 ዓመት፤ የሁለተኛው 4 ዓመት ሆነ። እንግዲህ ሌላ ትምህርት ቤት 6 ዓመት ያስተማረውን ልጅ ውጤት ሁሉ፤ 2 ዓመት ብቻ ላስተማረው መስጠት ትክክል አይደለም። የቅኔ መምህር የሚመሰገነው ደቀ መዝሙሩ ተቀኝቶ ሲወጣ ነው እንጂ ዳዊት ደግሞ በመምጣቱ አይደለም።

የቦታውም ጠባይ ይለያያል። በመቂና በባቱ ዙሪያ ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ ይመረታል፤ በባቱም የአበባ እርሻ ከሩቅ የመጣ ብዙ ሠራተኛ አለ። አባት ሥራ ፍለጋ ቦታ ሲለውጥ ልጁም በዓመቱ መካከል ትምህርት ቤት ይለውጣል። ይህን ልጅ ተቀብሎ እስከ ፈተናው ቀን ያደረሰ ትምህርት ቤት፤ ልጆቹ ከቤታቸው መጽሐፍና መብራት ካላቸው ከከተማው መካከል ትምህርት ቤት ጋር በአንድ ቁጥር ቢነጻጸር ድካሙ ተደብቆ ይቀራል። (ስለ ወንበርና ስለ መስኮት የሚጠይቅ መርማሪ ስለ ውሃውም ይጠይቅ፤ በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ያለው ፍሎራይድ የልጆችን ጥርስ እንደሚያበላሽ በወንጂ ከታወቀ ብዙ ዘመን ነው።)

መርጦ የሚቀበልና ሁሉን የሚቀበልም እኩል አይደሉም። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 845,099 ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 27,267 ብቻ ነበሩ፤ ከ1,300 የሚበልጡ ትምህርት ቤቶችም አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም። የኦሮሚያ ልማት ማኅበር በአዳማ ያቋቋመውን የመሰለ አዳሪ ትምህርት ቤት በውጤት የሚታወቀው በትጋቱ ነው፤ ነገር ግን ከየስፍራው ጎበዞቹን መርጦ መቀበሉም ይረዳዋል። እነዚያን ጎበዞች እስከ 8ኛ ክፍል ያስተማረውን የወረዳ ትምህርት ቤት ግን ማንም አያነሣውም።

ከዚህ የሚከብደው የቋንቋው ነገር ነው። በኦሮሚያ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች እስከ 8ኛ ክፍል የሚማሩት በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ ሲሆን፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳቡም ሳይንሱም በእንግሊዝኛ ይሆናል። ስለዚህ የመካከለኛው ትምህርት ቤት ሥራ እውነተኛ ፈተና የሚመጣው ተማሪው ከግቢው ከወጣ በኋላ በ9ኛ ክፍል የመጀመሪያ ወራት ነው። ያን ጊዜ ግን ርእሰ መምህሩን የሚጠይቀው የለም።

ውጤት ብቻ መምህርና መጽሐፍ ማደያ ከሆነ፤ ርእሰ መምህሩ ደካማውን ልጅ ከ8ኛ ክፍል በፊት ለማስቀረት ይፈተናል፤ ቁጥሩ ያምራል፤ ልጁ ግን ወደ ቀን ሥራ ይሄዳል። ከፈተናው ውጤት አጠገብ ሦስት ነገሮች ይጻፉ፦ ተማሪዎቹ ከ6ኛ ክፍል ይዘውት የመጡት ውጤት፤ 7ኛ ክፍል ከገቡት መካከል ለ8ኛው ፈተና የደረሱት ስንት እንደ ሆኑ፤ በ9ኛ ክፍል ያገኙት ማርክ። ሁለቱ በየትምህርት ቤቱ መዝገብ ይገኛሉ፤ ሦስተኛውን የከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ጠይቆ ሊያስመጣ ይችላል።