የተረፈ ምርት ደህንነት በስንተኛው ዓመት ይለካ?

በነጆ፣ በጊምቢ፣ በጨንቻና በመሰል የኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች የአፈር አሲዳማነት የገበሬውን ምርት ከሚያኮስሱ ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው። ፒኤቹ ከ5.5 በታች በወረደ አፈር ውስጥ አሉሚኒየም ይሟሟና የሰብሉን ሥር ያጫጫል፤ ፎስፈረስም በአፈሩ ተይዞ ለተክሉ ሳይደርስ ይቀራል። መፍትሔው ኖራ ነው፤ ሆኖም ለአንድ ሄክታር በቶን የሚቆጠር ኖራ ፈጭቶ ማጓጓዝ ውድ ነው። የሲሚንቶ እቶን ብናኝና ከብረት ማቅለጫ የሚወጣው ስላግ በኖራ ምትክ እንዲውሉ የሚቀርበው ሐሳብ የሚማርከውም በዚህ ምክንያት ነው። ሐሳቡ በጅምላ ሊወገዝ አይገባም፤ አሲዳማውን መሬት እንዳለ መተውም የራሱ ጉዳት አለውና። ሊጠየቅ የሚገባው ደህንነቱ የሚመዘንበት መንገድ ነው።

ቀላሉ መንገድ በአፈሩ ውስጥ ያለውን የከባድ ብረታት ጠቅላላ መጠን ለክቶ ከውጭ አገር ሠንጠረዥ ጋር ማስተያየት ነው። ለምሳሌ የአውሮፓ ማኅበረሰብ እ.ኤ.አ. በ1986 ስለ ፍሳሽ ዝቃጭ ያወጣው መመሪያ በአፈር ውስጥ ለሚገኝ ካድሚየም ከ1 እስከ 3፣ ለእርሳስ ከ50 እስከ 300 ሚሊግራም በኪሎግራም ወሰን ያስቀምጣል። ሊዘነጋ የማይገባው የሠንጠረዡ ርዕስ ነው፦ ቁጥሮቹ የተቀመጡት ፒኤቹ ከ6 እስከ 7 ለሆነ አፈር ነው። አፈር አሲዳማ እየሆነ በሄደ ቁጥር ካድሚየም ከአፈር ቅንጣት እየተላቀቀ ወደ ሥር ይሄዳል። ስለዚህ ያው 1 ሚሊግራም በጊምቢ አፈርና በገለልተኛ አፈር አንድ ትርጉም አይኖረውም።

«ብናኙ ራሱ ፒኤቹን ከፍ ያደርጋል» የሚል መልስ ይቀርብ ይሆናል። እውነት ነው፤ ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። ሙከራው በሚካሄድባቸው አንድ ወይም ሁለት የመኸር ወቅቶች አፈሩ ገና ስለታከመ ብረቱ ታስሮ ይቆያል፣ እህሉም ሲመረመር ንጹሕ ሆኖ ይገኛል። ከዚያ በኋላ ዝናቡ ካልሲየሙን ያጥባል፣ ዩሪያው አሲድ ይጨምራል፣ ጭዱ ለከብት፣ እበቱም ኩበት ሆኖ ለማገዶ ይሄዳል። አሲዳማነቱ ይመለሳል፤ ብረቱ ግን አይሄድም። የሁለት ዓመት የድኅረ ምረቃ ጥናት እንግዲህ አፈሩን የሚለካው በመልካሙ ጊዜ ነው ማለት ነው።

በሌላ በኩል፣ ስጋቱን የሚያጋንኑትም ሒሳቡን ቢሠሩ ይበጃል። በኪሎግራም 10 ሚሊግራም ካድሚየም የያዘ 3 ቶን ብናኝ ለአንድ ሄክታር የሚጨምረው 30 ግራም ነው። ይህም 2,000 ቶን ገደማ በሚመዝን የላይኛው የአፈር ንጣፍ ላይ በኪሎግራም 0.015 ሚሊግራም ያህል ይሆናል። ጥቂት ነው። ነገር ግን ሒሳቡ ብናኙ በእኩል እንደተበተነ፣ የእያንዳንዱ ጭነት ይዘት አንድ እንደሆነና ጨመራው እንደማይደጋገም ይገምታል፤ በበሬ በሚታረስ ማሳ ሦስቱንም ማረጋገጥ ይከብዳል። ለቆዳ ፋብሪካ ዝቃጭ ደግሞ ጠቅላላ መጠን ብቻውን አይበቃም። ባርትሌትና ጄምስ እ.ኤ.አ. በ1979 እንዳሳዩት፣ በአፈር ውስጥ ያለ የማንጋኒዝ ኦክሳይድ ባለሦስት ቫለንስ ክሮሚየምን ወደ መርዛማው ባለስድስት ሊለውጥ ይችላል።

ስለዚህ በሙከራው ማብቂያ ከማሳው የተወሰደው አፈር በላቦራቶሪ ወደ ቀድሞው ፒኤች ተመልሶ የሚሟሟው ብረት እንደገና ይለካ። ናሙናው ይቀመጥ፣ የማሳው ምልክትም ለሚቀጥለው ተማሪ ይተላለፍ። ወጪውን በተመለከተ፣ ብናኙን በአግባቡ ለማስወገድ ገንዘብ ሊያወጣ የነበረው ፋብሪካ የአሥረኛውን ዓመት ምርመራ ቢከፍል አይበዛበትም።