የጉለሌ ላሞች ግጦሽ ያለው ሱሉልታ ነው

ከአዲሱ ገበያ እስከ ሽሮ ሜዳና ቀጨኔ ባሉ የአዲስ አበባ ጉለሌ ሰፈሮች በቆርቆሮ አጥር ውስጥ ከሚታለቡት ላሞች ብዙዎቹ ሜዳ አይወጡም። ስለዚህም የግጦሽ አያያዝ ሲነሣ ባለቤቶቻቸው የገጠር ጉዳይ ይመስላቸዋል፤ የሚያስጨንቃቸው የቦታ ጥበትና የፉርሽካ ዋጋ ነው። ላሚቱ ባትወጣም ግጦሿ ግን አለ። እንጦጦን ተሻግሮ ሱሉልታ ላይ ይታጨዳል፣ በአይሱዙ ተጭኖ በአዲሱ ገበያ በኩል ይወርዳል። ጉለሌ ስንት ላም መያዝ እንደምትችል የሚወስነው የበረቱ ስፋት ሳይሆን ያ ሜዳ ነው።

400 ኪሎ የምትመዝን ዲቃላ ላም በቀን የክብደቷን 3 በመቶ ያህል፣ 12 ኪሎ ደረቅ መኖ ትፈልጋለች። 4 ኪሎው ፉርሽካና ፋጉሎ ቢሆን 8ቱ ድርቆሽ ነው፤ በዓመት ወደ 3 ቶን። ማዳበሪያ ያልነካው የደጋ ሣር በደህና ዓመት ከአንድ ሄክታር የሚሰጠውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። እንግዲህ አንዲት ላም አንድ ሄክታር ማለት ነው። የጉለሌ እጽዋት ማዕከል 705 ሄክታር ነው፤ ዛፉ በሙሉ ተነሥቶ ሣር ቢሆን እንኳ የሚቀልበው 700 ላም ገደማ ነው። ሱሉልታ ላይ ፋብሪካና ቤት በተሠራ ቁጥር፣ ጉለሌ ውስጥ አንዲት ጥጃ ሳትጨመር መንጋው ከልክ ያልፋል። የሚታወቀውም በድርቆሽ ዋጋና በወተት ማነስ ነው።

የድርቆሹ የጥራት ጉዳይም አለ። ሣር ሲያብብ ቢታጨድ ፕሮቲኑ ደህና ነው፤ ኅዳር ደርሶ አገዳው ሲደርቅ ይወርዳል። ከ7 በመቶ በታች ከሆነ በጨጓራዋ ውስጥ ሣሩን የሚያብላሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ስለሚራቡ፣ ላሚቱ ድርቆሽ ከፊቷ ተከምሮ ትንሽ ትበላለች። አጫጁ ሰንፎ አይደለም የሚያዘገየው። ቀድሞ ቢያጭድ የመስከረም ዝናብ ያበሰብስበታል፤ ገዢውም የሚከፍለው በእስር ቁጥር ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ፍጉ ነው። ፕሮቲኑ 6 በመቶ የሆነ 3 ቶን ድርቆሽ ከመስኩ 30 ኪሎ ገደማ ናይትሮጅን ይዞ ይሄዳል፤ በ65 ኪሎ ዩሪያ ውስጥ ያለውን ያህል። በሣሩ መካከል የሚበቅለው ማገጥ ናይትሮጅኑን ከአየር እየሳበ ጥቂቱን ይተካል፣ ፎስፈረሱን ግን አይተካም። ከብቱ እዚያው ሲግጥ ምድሩ የሰጠው ይመለስለት ነበር። አሁን ለኩበት ካልዋለው እበት ብዙው ጉለሌ ውስጥ ቦይና ወንዝ ይገባል። ሜዳው የሚራቆተውና ወንዙ የሚቆሽሸው በዚሁ በአንዱ ነገር ነው።

ግጦሽን በልክ መያዝ ለኛ አዲስ ትምህርት አይደለም። የመንዝ ሰው ጓሳ የተባለውን የጋራ ሣር ምድሩን ቄሮ በሚባል ሥርዓት ለዓመታት እየዘጋ፣ አባ ቄራ በሚባል አለቃ እያስጠበቀ ኖሯል፤ ሥርዓቱ የፈረሰው በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ነው። የመንዝ ሰው መስኩን በዓይኑ እያየ ነበር የሚዳኘው። የጉለሌን አርቢና የሱሉልታን ገበሬ ግን የሚያገናኛቸው ደላላ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ላም መቀነስ ይገባል። ደጋግማ ተዳቅላ ያልያዘች ላምና በረት የሚከርም ወይፈን የምትታለበዋን ሄክታር ይሻማሉ፤ ይሸጡ። ቀጥሎ አራት አምስት አርቢዎች ተደራጅተው ከአንድ ባለመስክ ጋር በሰኔ ይዋዋሉ፤ የማጨጃው ጊዜ በውሉ ይጻፍ፣ ቀድሞ ለታጨደ አረንጓዴ ድርቆሽም የተሻለ ይከፈል። ድርቆሽ ያወረደው አይሱዙ ደግሞ ባዶውን ከሚመለስ የደረቀ ፍግ ጭኖ ይውጣ። የመመለሻው ነዳጅ እንደሆነ በድርቆሹ ዋጋ ውስጥ ተከፍሏል።