ከእግራችን ሥር ያለው ብረት

በባሕር ዳር ጎዳናዎች የተነጠፈውን ጥቁር ጥርብ ድንጋይ በየቀኑ ትረግጡታላችሁ። ባሳልት ይባላል። ጣና ሐይቅ ሊሆን የበቃው ጥንት ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ እንዲህ ያለ ቅልጥ ዐለት የውኃውን መውጫ ስለ ገደበው እንደሆነ፣ ጢስ ዓባይም ከባሳልት ገደል ላይ እንደሚወረወር የምድር ጥናት መምህራን ያስተምራሉ። እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝና የማነሣው ሌላ ጉዳይ ነው፤ በድንጋዩ ውስጥ ብረት አለ። በተለመደው ባሳልት ከክብደቱ 10 በመቶ ገደማ የሚሆነው የብረት ኦክሳይድ ነው።

ካማከርኋቸው የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች አንዱ ካርቦን ናኖ ቱቦ ለመሥራት ዐቅዶ ነበር። ምድጃው ነበረ፤ ጋዙም ተገኘ። የጠፋው ከውጭ አገር የታዘዘው የብረት ካታሊስት፣ ማለትም አፋጣኝ ነበር። «መምህር፣ ዛሬም አልመጣም» እያለ ቢሮዬ ሲመላለስ የትምህርት ዘመኑ ተገባደደ። በመጨረሻ ርእሱን ለውጦ በኮምፒዩተር ስሌት ብቻ ተመረቀ። ስሌቱ መልካም ነበር፤ ቁጭቱ ግን እስካሁን አለቀቀኝም። ያን ሁሉ ወራት የብረት ቅንጣት ስንጠብቅ በብረት ላይ ተቀምጠን ነበርና።

ለመሆኑ አፋጣኙ ምን ይሠራል? በትምህርት ቤት የተማራችሁት «ራሱ ሳያልቅ ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን» የሚለውን ነው። ናኖ ቁሶች ሲሠሩ ግን ከማፋጠን ያለፈ ተግባር አለው፤ ቅርጽ ይሰጣል። ዋግነርና ኤሊስ የተባሉ የአሜሪካው ቤል ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1964 በሲሊከን ገጽ ላይ ጥቂት ወርቅ አኑረው በማሞቅ ይህን አሳዩ። ወርቅ በ1064፣ ሲሊከን በ1414 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣሉ፤ ሁለቱ በተገቢው መጠን ሲዋሐዱ ግን 363 ዲግሪ ይበቃቸዋል። ስለዚህ ወርቁ ከሲሊከኑ ጋር ተዋሕዶ ጠብታ ይሆናል። ጠብታዋ በዙሪያዋ ካለው ጋዝ ሲሊከን ትመጣለች፤ ስትጠግብ ትርፉን ከሥሯ ታኖራለች፤ ራሷም በሚያድገው ቀጭን ዘንግ ጫፍ ላይ ሆና ከፍ እያለች ትሄዳለች። ፈታይ ባዘቶውን በጣቶቿ መካከል አሳልፋ ክር እንደምታወጣ ማለት ነው። የክሩ ውፍረት በጣቶቿ እንደሚወሰን፣ የዘንጉም ውፍረት በጠብታዋ ይወሰናል።

በካርቦን ናኖ ቱቦ ዘንድ የወርቅን ቦታ ብረት፣ ኮባልትና ኒኬል ይይዛሉ። ጃፓናዊው ሱሚዮ ኢጂማ እ.ኤ.አ. በ1991 ብዙ ግድግዳ ያላቸውን ቱቦዎች ለዓለም ሲያሳውቅ እንዲህ ያለ አፋጣኝ አላስፈለገውም። በ1993 ባለ አንድ ግድግዳው ቱቦ ሲገኝ ግን እርሱና ባልደረባው ብረት፣ የአይቢኤም ተመራማሪዎች ደግሞ ኮባልት ጨምረው ነበር። ቅንጣቱ ማነስ ያለበት የቱቦውን ቅጥነት ስለሚወስን ብቻ አይደለም። ጎኑ 1 ሴንቲሜትር የሆነ የብረት ኩብ የገጽ ስፋቱ 6 ካሬ ሴንቲሜትር ነው፤ ያንኑ ብረት ጎናቸው 10 ናኖሜትር ወደ ሆኑ ኩቦች ብንከፋፍለው የገጻቸው ድምር 600 ካሬ ሜትር ይሆናል። ጋዙ የሚያገኘው ገጹን ነውና እፍኝ የማይሞላ ብረት ብዙ ይሠራል።

አሁን ወደ ድንጋዩ ልመለስ። በርሊን በሚገኘው የፍሪትዝ ሃበር ተቋም የሚሠሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት ከጣሊያኑ ኤትና ተራራ የመጣ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ፈጭተው በሃይድሮጂን ውስጥ እስከ 700 ዲግሪ አሞቁት። የብረት ኦክሳይዱ ኦክስጅኑን ተነጥቆ የብረት ቅንጣት ሆነ። ከዚያ ኤቲሊን የተባለውን ጋዝ ከሃይድሮጂን ጋር ሲያሳልፉበት በዱቄቱ ላይ ካርቦን ናኖ ቱቦዎችና ናኖ ክሮች በቀሉ። አፋጣኝ ከመደብር አልገዙም፤ ድንጋዩ አፋጣኝም መደላድልም ሆናቸው።

እንግዲህ የእኛ ድንጋይ ይህን የማይሞከርበት ምክንያት አይታየኝም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ድንጋይ ወጥ አይደለም፤ የሚወጣው ቱቦም የተዘበራረቀ ይሆናል» ሲል ተከራክሮኛል። እውነቱን ነው። ለኤሌክትሮኒክስ የሚሆን አንድ ዓይነት ቱቦ ከዚህ አይጠበቅም። ነገር ግን የብረቱ መጠንና አቀማመጥ ከቦታ ቦታ መለያየቱ ለአንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ የፊዚክስ ጥያቄ ነው፤ መልሱም በሌላ ሰው መጽሐፍ ውስጥ ተጽፎ አልተቀመጠም። ንጹሕ አፋጣኝ ከውጭ አስመጥቶ በሌላ አገር የተሠራውን መድገም የበለጠ ሳይንስ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም።

ሥራው ግን ጥንቃቄ ይሻል። ከሐይቁ ዳር፣ ከጢስ ዓባይና ከድንጋይ ማውጫዎች የሚሰበሰበው ናሙና ቦታው በትክክል ይመዝገብ። ባዶው ምድጃ፣ እንዲሁም ብረት የሌለው ንጹሕ የኳርትዝ ዱቄት በዚያው ሙቀትና በዚያው ጋዝ ይሞከር፤ ያለ ድንጋዩም ጥቁር ነገር ከወጣ ያገኘነው ጥላሸት ሊሆን ይችላል። ቱቦ መሆኑን የሚመሰክረው የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ብቻ ነው። መሣሪያው በቅርብ ከሌለ ጥቂት ሚሊግራም ዱቄት በፖስታ መላክ አይከብድም። ሃይድሮጂንና ኤቲሊን ከአየር ጋር ሲቀላቀሉ ይፈነዳሉ፤ የናኖ ብናኝም ወደ ሳንባ መግባት የለበትም። ስለዚህ ሙከራው የጋዝ ማስወገጃ ባለው ቤተ ሙከራ፣ በኃላፊ ፊት ይሠራ እንጂ ማንም በቤቱ አይሞክረው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ድንጋዩን ሰብስባችሁ፣ ፈጭታችሁ፣ በማግኔት የሚሳበውን ለይታችሁ ብትመዝኑት ለእናንተ ድርሻ ይበቃል። ከየት እንደተነሣ መጻፍ ብቻ አትርሱ።