ዲክሽነሪ በዲክሽነሪ የተቆለለች ልደታ

በፓይተን የአስተዳደር እርከን የሚመዘግቡ ብዙ ባለሙያዎች አንድ ልማድ አላቸው፤ ዲክሽነሪ ውስጥ ሌላ ዲክሽነሪ እየከተቱ መውረድ። አዲስ አበባ ልደታን ትይዛለች፣ ልደታ ወረዳ 3ን፣ ወረዳ 3 የቤት ቁጥሮቹን። ቁልፉ ስሙ ራሱ ነው። ከዚያ ሁሉም ፒክል በሚባለው የፓይተን የራሱ ቅርጸት በፋይል ይቀመጥና ሥራው አለቀ ይባላል። ይህ ልማድ መቅረት አለበት።

የቆመው እርከን አይለወጥም በሚል እምነት ላይ ነው። ልደታ ውስጥ በደርግ ዘመን «ከፍተኛ» እና «ቀበሌ» ተብሎ የተመዘገበ ቤት፣ ዛሬ የሚጠራው በክፍለ ከተማና በወረዳ ነው። አሮጌው ሰፈር ፈርሶ ኮንዶሚኒየም በቆመበት ቦታ ደግሞ ብሎክ የሚባል ተጨማሪ እርከን መጥቷል። ሲዳማ የደቡብ ክልል ዞን ነበር፤ በ2012 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ክልል ሆነ። ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ ወጣ። በተቆለለው ዲክሽነሪ ሲዳማን አንድ እርከን ከፍ ለማድረግ በሥሩ ያለውን ሁሉ ነቅሎ ሌላ ቦታ መትከል ያስፈልጋል፤ የድሮውን መንገድ ተከትሎ የሚፈልግ ኮድም ሁሉ ይሰበራል። ከሁሉ የሚከፋው ግን የቀድሞው አድራሻ ደብዛው መጥፋቱ ነው፤ የባለይዞታው ሰነድ የሚናገረው ያንኑ የቀድሞውን ነው።

ስምን ቁልፍ ማድረግም አደጋ ነው። ለሰው «ጎንደር» እና «ጐንደር» አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ሁለት ከተሞች።

በምትኩ እያንዳንዱ ቦታ የራሱ መለያ ቁጥር፣ ስም፣ የወላጁ መለያ ቁጥር፣ አድራሻው የጸናበት መነሻና መድረሻ ቀን ያለው አንድ መስመር ይሁን። የእርከኑን ዛፍ ፕሮግራሙ ሲነሳ ጥቂት መስመር ኮድ ይሠራዋል። የልደታው ወረዳ 3 ከቂርቆሱ አይምታታም፤ የሲዳማ ለውጥም አሮጌውን መስመር ዘግቶ አዲስ መጻፍ ብቻ ይሆናል። መቆለሉ ለዓይን ይቀላል የሚሉ አሉ። ለትንሽ የቅንብር ፋይል እውነት ነው፤ ለሕዝብ መዝገብ አይሆንም።

ፒክልን በተመለከተ የፓይተን መመሪያ ራሱ ያስጠነቅቃል፤ ከማይታመን ሰው የመጣ ፋይል ሲከፈት በውስጡ የተደበቀ ትእዛዝ ሊፈጽም ይችላል። ጄሰን የሚባለው የጽሑፍ ቅርጸት ይሻላል። በነባሪው ግን የግዕዝ ፊደልን ወደ ኮድ ስለሚለውጥ፣ «ኢንሹር አስኪ» የሚባለውን ምርጫ ማጥፋት ያስፈልጋል። ያኔ ፓይተን የማያውቅ የወረዳ ሠራተኛም ፋይሉን ከፍቶ የተሳሳተውን ስም ራሱ ማረም ይችላል።