ላም አለኝ በሰማይ፣ በ450 ዶላር

አድናቂዎቹ ሳይቀድሙኝ እኔው ላመስግነው፤ ኔንቲዶ ስዊች 2 ግሩም የጌም ማሽን ነው። በ2017ቱ ስዊች 6.2 ኢንች የነበረው ስክሪን 7.9 ኢንች ሆኗል፤ ጥራቱ ከ720 ወደ 1080 አድጓል፤ ምስሉ በሰከንድ እስከ 120 ጊዜ ይታደሳል። ከቴሌቪዥን ጋር ሲያገናኙት 4ኬ ያወጣል። ሆዱ ውስጥ የኤንቪዲያ ቺፕ፣ 12 ጊጋባይት ራም፣ 256 ጊጋባይት ማከማቻ አለ። ይህን ሁሉ ጠቅጥቀው ውፍረቱን 13.9 ሚሊሜትር ላይ ማቆየታቸው ያስጨበጭባል። እ.ኤ.አ. ጁን 5 ቀን 2025 ወጥቶ በ4 ቀን ውስጥ ከ3.5 ሚሊዮን በላይ መሸጡም አልገረመኝም።

ምስጋናዬ እዚህ ላይ አበቃ።

እኔን የሚያንገበግበኝ 449.99 ዶላር ቆጥሮ የወሰደው ሰው ምኑን እንደገዛ ነው። ማሽኑን? ማሽኑማ እጁ ላይ ነው፤ አዛዡ ኔንቲዶ ግን ኪዮቶ ተቀምጧል።

ከካርዱ ልጀምር። የእኛ ዘመን ልጆች ካሴት ሰክተን፣ እምቢ ሲል አውጥተን እፍ ብለንበት፣ መልሰን ሰክተን ተጫውተናል። ካሴቱ እኛ ጋ ካለ ጌሙ እኛ ጋ ነበር። ዛሬ ኔንቲዶ «ጌም ኪ ካርድ» የሚሉት ጉድ አምጥቷል። መልኩ ካሴት፣ ዋጋው የጌም ዋጋ፤ ውስጡ ግን ጌም የለም፣ ያለው የፈቃድ ቁልፍ ብቻ ነው። ስትሰኩት «ኢንተርኔት ገብታችሁ አውርዱ» ይላችኋል። አውርዳችሁ ስትጨርሱ ደግሞ ካርዱ ካልተሰካ አልከፍትም ይላል። የዲጂታሉም ምቾት የለው፣ የካሴቱም ነፃነት የለው፤ የሁለቱን መከራ ባንድ ዋጋ! ስትሪት ፋይተር 6 በዚህ መልክ ነው የቀረበው። «ትልቅ ጌም ካርድ አይበቃውም» ለሚሉ ጠበቆች፣ ያን የሚያህለው ሳይበርፐንክ 2077 በዚያው ሰሞን ሙሉ ለሙሉ 64 ጊጋባይት ካርድ ላይ ተጽፎ ተሸጧል። የኔንቲዶ የራሱ ማሪዮ ካርት ወርልድም ካርዱ ላይ አለ። መቻሉንማ ይቻላል። ትልቁ ካርድ ስለሚወደድ ነው ሸክሙ ወደ ገዢው ኢንተርኔት የተገፋው።

ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለች አክስት ይህን ካርድ ለልደት ገዝታ፣ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ሻንጣ ውስጥ አስገብታ ብትልክ ምን እንደሚሆን አስቡት። ልጁ ሳጥኑን በደስታ ቀደደ፣ ሰካ፣ በአስር ጊጋባይቶች የሚቆጠር ነገር አውርድ ተባለ። ለቤቱ በሙሉ የተገዛውን ፓኬጅ ሊጨርስ ነው፤ መብራት ባይጠፋ፣ ኔትወርኩ ባይቆራረጥ እንኳ። አክስቲቱ ጌም የላከች መስሏታል። የላከችው ላም አለኝ በሰማይን ነው፤ ወተቷን ለማየት ፓኬጅ መሙላት የልጁ አባት ዕዳ ሆነ።

ሰማዩ ደግሞ ይዘጋል። በ2023 ማርች ላይ ኔንቲዶ የቀድሞ ማሽኖቹን የ3ዲኤስንና የዊ ዩን ኦንላይን መደብሮች ዘግቷል፤ የተገዛውን እንደገና ማውረድ እስካሁን ቢፈቅድም፣ ለስንት ዘመን እንደሚፈቅድ የሚወስነው እሱ ነው። ይባስ ብሎ በ2025 ሜይ ላይ ለአሜሪካ ተጠቃሚዎች ባሻሻለው ውል፣ ደንቤን ጥሳችኋል ካለ መሣሪያውን በከፊልም ሆነ በሙሉ እስከ ወዲያኛው ከጥቅም ውጭ የማድረግ መብት ለራሱ ሰጥቷል። የተጭበረበረ ካርድ ተሰክቶባቸው ከኦንላይን የታገዱ ማሽኖችም ታይተዋል። የታገደ ማሽን ባዶውን ካርድ ሊሞላ አይችልም። ጥፋቱን የሠራው የቀድሞው ባለቤት ሆኖ ቅጣቱ ግን ከማሽኑ ጋር ይሸጣል። ያገለገለ ዕቃ ገዝተን ለምንኖር ሕዝቦች ይህ ቀልድ አይደለም።

ወደ አካሉ እንምጣ። ባትሪው 5,220 ሚሊአምፒር ሰዓት ነው፣ ከአሮጌው ይበልጣል፤ ኩባንያው የሚነግረን የአገልግሎት ጊዜ ግን ከ2 እስከ 6.5 ሰዓት ነው። ከባድ ጌም ላይ 2 ሰዓት! ያም ይሁን። የማይታለፈው ባትሪው በጠንካራ ሙጫ መለጠፉ ነው። በአሮጌው ስዊች ተነቅሎ ይለወጥ የነበረው ማከማቻም አሁን ከዋናው ቦርድ ጋር ተበይዷል። መሣሪያ እየፈታ የሚመረምረው አይፊክሲት ለጥገና ምቹነት ከ10 የሰጠው 3 ነው። መርካቶ ውስጥ ሞባይል ፈትቶ የሚገጥም ጎበዝ ይህን ሙጫ በሙቀትና በአልኮል ሲታገል ይታየኛል፤ ይወጣዋል ብዬም አምናለሁ። ግን ለምን ይታገል?

የመቆጣጠሪያው (የጆይ ኮኑ) አናሎግማ ሌላ ጉድ ነው። የመጀመሪያው ጆይ ኮን ሳይነኩት በራሱ እየተንቀሳቀሰ ስንቱን አበሳጭቷል፤ የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሹንታሮ ፉሩካዋ በ2020 ይቅርታ ጠይቀዋል፤ የአውሮፓ ኅብረትም ጫና አድርጎ በ2023 ዋስትናው ያለፈበትን ጭምር በነፃ እንዲጠግን ቃል አስገብቶታል። ከዚህ ሁሉ በኋላ አዲሱ አናሎግ በማግኔት የሚሠራውና ፍትጊያ የሌለበት ሆል የሚባለው ዓይነት ነው? አይደለም፤ ኩባንያው ራሱ ተናግሯል። ጆይ ኮኑን ከማሽኑ ጎን ለመለጠፍ ማግኔት ተገኘ፣ ስምንት ዓመት ለተለቀሰበት ክፍል ሲሆን ማግኔት ጠፋ! ማግኔት ከማግኔት ይጋጫል የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። መሐንዲስ የሚቀጠረው ታዲያ ለምንድን ነው?

ይህ ኩባንያ እኮ በ1989 ጌም ቦይን የሠራ ነው። ፈልሳፊው ጉንፔይ ዮኮይ የተለመደና ርካሽ ቴክኖሎጂን ለአዲስ ጨዋታ ማዋል የሚል ሰው ነበር። ስክሪኑ ቀለም አልነበረውም፤ ግን ከየትኛውም ሱቅ በሚገዙ አራት ድንጋዮች ከ10 ሰዓት በላይ ያጫውት ነበር፣ ድንጋዩን ለመቀየርም ጣት ይበቃል። በባሕረ ሰላጤው ጦርነት እሳት በልቶት ፕላስቲኩ የቀለጠ አንድ ጌም ቦይ እየሠራ ኒውዮርክ ባለው የኩባንያው መደብር ለዓመታት ታይቷል። የዚያ ኩባንያ ወራሾች ዛሬ የማሽናቸውን ማስተዋወቂያ ጌም እንኳ በ9.99 ዶላር ይሸጣሉ።

ሕግ ሲኖር ግን ሙጫውም ይላላል። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ከፌብሯሪ 18 ቀን 2027 ጀምሮ የእጅ መሣሪያ ባትሪ ተጠቃሚው ራሱ ሊያወጣውና ሊለውጠው የሚችል እንዲሆን ያስገድዳል። እኛ እንዲህ ያለ ሕግ ስለሌለን ያለን ገንዘባችን ብቻ ነው። ለልጅ ልትልኩ ሱቅ የገባችሁ ሁሉ፣ የጌሙን ሳጥን ፊት ግርጌውን እዩ፤ ጌም ኪ ካርድ መሆኑን የሚናገር ጽሑፍ ካለ መደርደሪያው ላይ መልሱት፤ ለምን እንደመለሳችሁትም ለሻጩ ንገሩት።