ግላይደሩ ለምን ነጭ ሆነ?

አንዳንድ ወላጆች «ፈተና በደረሰበት ወቅት የመጫወቻ አውሮፕላን ቀለም መቀባት ምን ይረባል?» ሲሉ ይጠይቁናል። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። እኛ ግን በሬዲዮ መቆጣጠሪያ የሚበረውን ግላይደር ተማሪዎቹ ራሳቸው ይቀቡት እንላለን።

ከፋይበር ግላስና ከኢፖክሲ የተሠራ አካል ከፎርማው ሲወጣ ሰም ይዞ ይወጣል። ሰሙ በሳሙና ታጥቦ፣ ገጹ በብርጭቆ ወረቀት በውኃ ካልታሸ ቀለሙ ይላጣል። (ውኃው ብናኙን ይቀንሳል፤ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛው ግን ግዴታ ነው።) የቸኮለ ተማሪ ውጤቱን ያለ እኛ ምክር ያየዋል። ቀለም ደግሞ ክብደት ነው። ጅራቱ ከሚዛኑ ነጥብ ስለሚርቅ፣ እዚያ ላይ የተጨመረች አንዲት ግራም አፍንጫው ላይ ብዙ ግራም እርሳስ ታስጨምራለች። በፊዚክስ ስለ ሚዛን የሚማሩት ይኸው አይደለምን?

ልጆቹ የፈለጉት ጥቁር ነበር። ነጭ ይሁን ያልነው ለውበት አይደለም፤ ያለ ምድጃ የደረቀ ኢፖክሲ ሙቀት ሲበዛበት ይለሰልሳል፤ በጅቡቲ ፀሐይ ደግሞ ጥቁር ቀለም እጅግ ይግላል። ሰው የሚሳፈርባቸው የፋይበር ግላይደሮችም በአብዛኛው ነጭ የሚቀቡት በዚሁ ምክንያት ነው። ከሩቅ እንዲለይ ከሆዱ ሥር አንድ ቀይ መስመር ፈቅደናል። ሁለተኛ እንዲጨመር ለሚለምኑን፣ ስንት ግራም እንደሚሆን አስልተው እንዲያመጡ ነግረናቸዋል።